እሜቴ ስትቆጥር አይወራም

(በባለቤቴ ሙት ዓመት፣ ባሕር ዳር፣ ቤታችን ግቢ ለተሰበሰቡ ወዳጅ ዘመዶች የተደረገ ንግግር)

አባቶቼ ካህናት፣ የእድራችን ዳኛና አባላት፣ ማለዳ በጀልባ ከዘጌ የመጣችሁ ቤተ ዘመዶቿ፣ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ልጆቼ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

የባለቤቴን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ከተጋባን ጀምሮ «እሜቴ» ነው የምላት፤ ዛሬም ሌላ ስም ከአፌ አይወጣም።

የዛሬ ዓመት በቀብሯ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የተባለላትን ሁሉ ሰማሁ። ባለሙያ እንደነበረች፣ ቤቷ እንግዳ ተለይቶት እንደማያውቅ፣ ለጎረቤት አራስ ገንፎ ይዛ ቀድማ የምትደርስ እንደነበረች፣ አራት ልጆች ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃች። ሁሉም እውነት ነው። አልቃሿም ስለ ደግነቷ አንጀት የሚበላ ሙሾ አወጣች። ማታ ለቀስተኛው ሄዶ ብቻዬን ስቀር ግን አንድ ነገር ወጋኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎሕ ሳይቀድ የተነሣችለትን ሥራ አንድም ሰው አላነሣውም። እኔም አላነሣሁትም። ዛሬ የቆምኩት ያንን ዕዳ ልከፍል ነው።

እሜቴ የዘጌ ልጅ ናት። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት፣ ሰው ከቡናው ጥላ ሥር የሚኖርበት አገር ነው። አባቷ ቡናና እንጨት በታንኳ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ያወርዱ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚያ ሰሞን ከአባቷ ጋር እንደተሳፈረች ሐይቁ ላይ መሸባቸው። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ አባቷ እየቀዘፉ ነው። የከተማው መብራት ከፊታቸው ቦግ ብሎ ውኃው ላይ እየረዘመ ሲንቀጠቀጥ አየችው።

«አባዬ፣ ማን ነው ያበራው?»

«ዓባይ ነው ይላሉ፣ ልጄ።»

«ውኃ እሳት ያጠፋል እንጂ ያበራል እንዴ?»

አባቷ ዝም አሉ። ይህንን እስክትሞት ድረስ ስትነግረኝ የምታስታውሰው የአባቷን ዝምታ ነበር። መልሱን ራሷ መፈለግ እንዳለባት የገባት ያኔ ነው።

የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ክፍል ስትገባ ከክፍሏ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። የወንድ ቱታ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ ወገቡን በመቀነት አስራ ዎርክሾፕ ትገባ ነበር። ተመርቃ የተቀጠረችበትን የመጀመሪያ መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ዲፕሎማዋን አይተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጧት። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎንና አምፖል አስቆጠሯት።

እሜቴ አልተሟገተችም። ግቢው ጥግ ላይ የተጣለ የተቃጠለ ሞተር ነበር፤ አስፈቅዳ በጋሪ አስጭና ቤት አመጣችው። የበኩር ልጃችንን አዝላ፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ጆንያ አንጥፋ ፈታችው። የማታውቁት እንድታውቁት ልናገር። የተቃጠለ ሞተር ሲፈታ የድሮው ሽቦ ስንት ዙር እንደተጠመጠመ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አዲሱ ሽቦ በዚያው ውፍረትና በዚያው ቁጥር መግባት አለበት። ከተሳሳተ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ውሎ አድሮ መልሶ ይቃጠላል። እሜቴ በኩራዝና በአምፖል ብርሃን ሽቦውን በጣቷ እየሳበች ትቆጥር ነበር። የጠቋሚ ጣቷ ቆዳ በሽቦው ተሰነጣጥቆ ቅቤ እቀባላት ነበር። ቤታችን የቡናና የቫርኒሽ ሽታ የተቀላቀለበት ቤት ነበር፤ ልጆቼ ዛሬም ቫርኒሽ ሲሸታቸው «እማዬ» ይላሉ።

ሞተሩን መልሳ ወስዳ ከሰው ፊት አስነሣችው። በወሩ ወደ ጥገና ክፍል አዛወሯት። ከዚያ ወዲያ በዚህች ከተማ ስንት ሞተር በእጇ እንደዞረ፣ ስንት ወፍጮ ቤት፣ ስንት የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ እንዳንሠራራ ባልደረቦቿ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይመስክሩ።

ቤት ውስጥ አንድ ሕግ ነበረን፤ እሜቴ ስትቆጥር አይወራም። እንግዳ ቢመጣም በእጄ ምልክት አሳይቼ አስቀምጠዋለሁ። የመጨረሻው ልጃችን ሀ ሁ ሳይቆጥር በፊት እስከ መቶ መቁጠር የቻለው ከጀርባዋ ሆኖ ሲሰማት ነው።

ሴት ልጃችን ምሕንድስና ልትገባ ስትል ያስፈሯት ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ እሜቴ ስለ ኢዲት ክላርክ ነገረቻት። ይህች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1919 ኤም.አይ.ቲ. ከሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ማስተርስ ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሆኖም በመሐንዲስነት የሚቀጥራት አጥታ ለሌሎች ስሌት ስትሠራ ቆየች። «አየሽ፣ እሷም ግምጃ ቤት ነው ያስገቧት» አለቻት።

እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዛ ጢስ ዓባይ ትወርድ ነበር። ውኃው በቦይ ተጠልፎ፣ በቱቦ ቁልቁል ወርዶ፣ ተርባይን አዙሮ መብራት ሲሆን በእጇ እያሳየች ታስረዳቸዋለች። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሲጨመር ፏፏቴው እየሳሳ መጣ። የሙያ ጓደኞቿ በሜጋ ዋቱ ሲደሰቱ እሷ ደስታዋ ሙሉ አልነበረም። ገደሉ ፊት ብዙ ዝም ብላ ቆማ፣ «ቤት ገብታችሁ መብራት ስታበሩ ይህንን ገደል አስታውሱ፤ ከክፍል ስትወጡም አጥፉ» አለቻቸው። ዛሬ ልጆቼ የራሳቸው ቤት አላቸው፤ አንዳቸውም አምፖል አብርተው አይወጡም።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር በልጆቼ ፊት ልናገር። «ሚስትህ ቱታ ለብሳ ከወንድ ጋር ስትውል ዝም ትላለህ?» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አልከለከልኳትም፤ ግን አፌን ሞልቼ «ሥራዋ ነው፣ እኮራባታለሁ» ብዬ አልመለስኩላቸውም። ከፈረቃ ደክማ ስትገባም እራቴን የምጠብቀው ከእሷ ነበር። እሷ አንድም ቀን አላማረረችም። አለማማረሯን ፍቅር ብቻ አድርጌ ቆጠርኩት፤ ድካምም ነበረበት። እሜቴ፣ ይቅር በይኝ።

ይህ በእጄ የያዝኩት ደብተሯ ነው። ጠርዙ በግሪስ ጠቁሯል። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ሞተር አለ፤ የሽቦው ውፍረት፣ የዙሩ ቁጥር፣ ቀኑ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የጓሯችን የውኃ ፓምፕ ተጽፏል። የሽቦውን ውፍረት ጽፋለች፤ የዙሩ ቦታ ግን ባዶ ነበር። ሞተሩን ፈትታ ሳትቆጥር ታመመች፤ ዓመቱን ሙሉ በጨርቅ እንደተሸፈነ ከጠረጴዛዋ ላይ ማንም አላነሣውም።

ባለፈው ቅዳሜ ሴት ልጃችን ከአዲስ አበባ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጨርቁን ገለጠችው። እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የጎረቤት ልጅ ሊጠራኝ በር ላይ ብቅ አለ። በእጄ ምልክት አሳይቼ አስቀመጥኩት።

ባዶው ቦታ ላይ አሁን በልጄ እጅ ጽሑፍ 62 ተብሎ ተጽፏል።