ቀድመው ያስረከቡት የአውንድ ራጃ

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የሕንድ ራጃ፣ ማለትም የአካባቢ ንጉሥ፣ ሲባል ለብዙዎቻችን አልማዝ፣ ዝሆንና የነብር አደን ነው የሚታወሰን። እኔ ዛሬ የማነሳላችሁ ግን የአውንዱን ገዥ ባዋንራዎ ፓንትን ነው።

አውንድ በምዕራብ ሕንድ፣ በዛሬዋ ማሃራሽትራ ክልል የምትገኝ ትንሽ ግዛት ነበረች። 72 መንደሮችና 75 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት። መሬቷ እንኳ አንድ ላይ አልነበረም፤ እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ ነው። በእንግሊዝ ዘመን ሕንድ ውስጥ ከ560 በላይ እንዲህ ያሉ ትልልቅና ትንንሽ ግዛቶች ነበሩ። መከላከያውና የውጭ ጉዳዩ በእንግሊዞች እጅ ነው። ያልወደዱትን ገዥም ያወርዳሉ። ባዋንራዎ ራሳቸው በ1909 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ወንበሩን ያገኙት የቀደመው ገዥ በእንግሊዞች ስለወረዱ ነው። ያስቀመጣቸው አካል ሊያነሳቸውም እንደሚችል አሳምረው ያውቁ ነበር።

ታዲያ እጁ እንዲህ የታሰረ ገዥ ምን ይሠራል? እሳቸው ብዙ ሠሩ። በ1910 ላክስማንራዎ ኪርሎስካር የሚባል ማረሻ ሠሪ ከቤልጋውም ከተማ ወርክሾፑን እንዲያነሳ ተገደደ። ራጃው ጠርተው 32 ኤከር መሬትና 10 ሺህ ሩፒ ብድር ሰጡት። ቦታው ቁልቋል የወረሰው፣ እባብ የሚርመሰመስበት ደረቅ ሜዳ ነው። እዚያ ላይ ፋብሪካና የሠራተኛ መንደር ቆመ። የኪርሎስካር የውሃ ፓምፕ ዛሬም አለ።

ዮጋ የምትሠሩ ደግሞ ሱሪያ ናማስካርን፣ የፀሐይ ሰላምታ የሚባለውን እንቅስቃሴ፣ ታውቁታላችሁ። በየትምህርት ቤቱ እንዲሠራ የወተወቱት እኒሁ ራጃ ናቸው። ሠዓሊም ነበሩ፤ የሰበሰቡት ሥዕልና ቅርጽ ዛሬም በአውንድ ቤተ መዘክር ይታያል።

ልቤን የሚነካው ግን የ1938ቱ ነው። 70 ዓመት ሲሞላቸው ሥልጣናቸውን ለሕዝቡ ለማስረከብ ቆረጡ። ልጃቸው አፓ ፓንትና ፖላንዳዊው መሐንዲስ ሞሪስ ፍሪድማን ጋንዲን አማከሩ፤ በጃንዋሪ 1939 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። እያንዳንዱ መንደር አምስት አባላት ያሉት ሸንጎ መረጠ። በዚያው ዘመን ስዋታንትራፑር የሚባል እስር ቤት ተከፈተ። ግንብ የለው፣ ሰንሰለት የለው። ነፍስ አጥፍተው የተፈረደባቸው ሰዎች ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር እያረሱ ይኖሩበት ነበር። እስቲ አስቡት፤ በ1939፣ ያውም በቅኝ ግዛት ሥር!

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። የመምረጥ መብት የተሰጠው ማንበብና መጻፍ ለሚችል ብቻ ነበር። ጋንዲም ደግፈውታል። ሰው እንዲማር ለመገፋፋት ነው ይባላል፤ ይገባኛል። ግን ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ግብሩን ይከፍል ነበር፤ ድምፁም ሊቆጠርለት ይገባ ነበር።

በማርች 1948 አውንድ ከቦምቤይ ግዛት ጋር ተዋሃደች። ብዙዎቹ ራጃዎች ሥልጣን የለቀቁት ያኔ፣ ነፃነት ከመጣ በኋላ፣ ተገደውም ጭምር ነው። ባዋንራዎ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ዘጠኝ ዓመት ቀድመው ለቀዋል። በ1951 አረፉ። አፓ ፓንት የነፃይቱ ሕንድ ተወካይ ሆኖ ወደ ጎረቤታችን ናይሮቢ መጣ፤ የምሥራቅ አፍሪካን የነፃነት ታጋዮችም የቅርብ ወዳጅ ሆነ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።