ጠዋት ሰላም፣ ቀን ግርግር፦ ስለ ሜዲቴሽን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁት አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የምቀመጥበት ሰዓትና ቀሪው ኑሮዬ ምን ያገናኛቸዋል? በአየር ላይ ሰዓት አጥሮን መልሶቹ ተቆራርጠው ነበር። እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ከአዲስ አበባ የደወለች አድማጭ፦ «በየጠዋቱ ሃያ ደቂቃ እቀመጣለሁ። ትንፋሼን እከታተላለሁ፣ ደስ የሚል ሰላም ይሰማኛል። ቢሮ ገብቼ ረፋዱ ሳያልፍ ግን አንዱ ላይ ጮኬያለሁ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?»

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ የማትፈልጊው ነገር ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ? እግርሽ ሲደነዝዝ፣ አፍንጫሽን ሲያሳክክሽ፣ ጎረቤት ሙዚቃ ሲከፍት? ብዙ ሰው ቶሎ ይነቃነቃል፣ ያካል፣ ጎረቤቱን በልቡ ይሳደባል፣ ከዚያ ወደ ሰላሙ ይመለሳል። እንዲህ የሚቀመጥ ሰው በየቀኑ የሚለማመደው የማይመቸውን ነገር መግፋት ነው። ቢሮ ሲገባም ያንኑ ያደርጋል፤ እንዲያውም ሰላሙ ስለተነካበት ይብስበታል።

ኤስ ኤን ጎይንካ ያስፋፋው፣ ቪፓሳና የሚባለው የቡድሂዝም የሜዲቴሽን ትምህርት የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። ጎይንካ በርማ ተወልዶ ያደገ የህንድ ዝርያ ያለው ነጋዴ ነበር፤ ህንድ ውስጥ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በአስር ቀኑ ኮርስ ላይ ተማሪው ከንጋቱ አስር ሰዓት ተነስቶ በቀን አስር ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ የሚማረውም ሰውነቱ ላይ የሚሰማውን ነገር፣ የሚያመውን ሳይሸሽ፣ ደስ የሚለውን ሳይሳሳለት ማየት ነው። ለምን ሰውነት? ምክንያቱም ቁጣ ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ሰውነት ላይ ጀምሯል። ደረት ይሞቃል፣ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ወተት የጣደ ሰው ከገነፈለ በኋላ ቢሮጥ ምንም አያድንም፤ መታየት ያለበት ዳር ዳሩ መነሳት ሲጀምር ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሲያሳክክሽ ለጥቂት ትንፋሽ አትንኪው። ዝም ብለሽ እይው። ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ቦታ ይቀይራል። ይሄንን ጠዋት ያየች ሴት ረፋድ ላይ ደረቷ ሲሞቅ «አሃ፣ መጣ» የማለት ዕድል አላት። ቁጣው ይጠፋል አልልሽም፤ ብልሽም እንዳታምኚኝ። በቁጣውና በምትመልሺው ቃል መካከል ትንሽ ክፍተት ታገኛለሽ፣ ያቺ ክፍተት ናት የሃያ ደቂቃው ፍሬ።

በተገላቢጦሹም ይሠራል፣ ይሄን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በዚያ ኮርስ ላይ ማንም ሰው ከመቀመጡ በፊት አምስት ነገር ቃል ይገባል። ነፍስ አላጠፋም፣ አልሰርቅም፣ አልዋሽም፣ ከማንኛውም የግብረ ሥጋ ግንኙነት እርቃለሁ፣ የሚያሰክር ነገር አልወስድም። ሌጣ የሥነ ምግባር ደንብ ይመስላል፣ ግን ምክንያቱ በጣም ተግባራዊ ነው። ትናንት ማታ የዋሸነው ውሸት ጠዋት አብሮን ይቀመጣል። ባልደረባሽ ላይ ጮኸሽ ይቅርታ ሳትጠይቂ ከቤትሽ ከገባሽ፣ በማግስቱ ትንፋሽሽን ሳይሆን እሷን ነው ስትከታተይ የምታረፍጂው። ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት። ከየትኛውም የትንፋሽ ዘዴ የበለጠ ይረዳሻል።

ከዋሽንግተን አካባቢ የደወለ አድማጭ፦ «ኡበር ነው የምነዳው። ማታ ልቀመጥ ስል ሐሳቤ አንድ ደቂቃ አይረጋም። የቤት ኪራይ፣ አገር ቤት የሚላክ ብር፣ የተሳፋሪ ወሬ። ይሄ ነገር ለእኔ የተፈጠረ አይመስለኝም።»

ወንድሜ፣ ሐሳቡ የማይሄድበት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። 2,250 ሰዎችን በስልክ መተግበሪያ በቀኑ መሃል ድንገት እየጠየቁ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህስ የት ነው?» አሏቸው። ወደ 47 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ሐሳባቸው ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ነበር። ሐሳባቸው ደስ ወደሚል ነገር ሲሄድ እንኳ፣ ልባቸው ሥራቸው ላይ ካለበት ጊዜ የበለጠ ደስተኛ አልነበሩም።

እንግዲህ መሄዱን ተወው። እንደሄደ ያወቅህበትን ቅጽበት ያዝ፣ ልምምዱ እሱ ነው። አሥር ጊዜ ሄዶ አሥር ጊዜ ካወቅህ አሥር ጊዜ ተለማምደሃል።

ከዚህ በላይ የማሳስብህ ግን እንዴት እንደምትመለስ ነው። «ደግሞ ሄድክ፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ» እያልክ ራስህን እየተቆጣህ ከሆነ፣ ያንን ድምፅ አድምጠው። ልጅህ የቤት ሥራውን ሲሳሳት የምትናገርበት ድምፅ እሱ ነው። መንገድ የዘጋብህን ሾፌር የምትሳደብበትም እሱ ነው። ተቀምጠህ ራስህን ያለ ስድብ መመለስ ከለመድክ፣ ቤትም ውስጥ ድምፅህ ዝቅ ይላል፤ ይሄንን ደጋግሜ ሰው ላይ አይቼዋለሁ። መኪና ውስጥ ደግሞ ዓይንህ መንገዱ ላይ ይሁን፣ ትንፋሽ ፍለጋ አትግባ። ቀይ መብራት ሲይዝህ መሪውን የጨበጡት እጆችህ ምን ያህል እንደጠበቁ ብቻ አስተውል። ይበቃል።

ከሪያድ የደወለች አድማጭ፦ «ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከንጋት እስከ ሌሊት ቆሜ ነው የምውለው፣ ብቻዬን የምሆንበት ክፍል እንኳ የለኝም። ይሄ ነገር ጊዜ ላለው ሰው ብቻ ነው?»

አይደለም እህቴ። ጥንታዊው የቡድሃ ትምህርት ራሱ ልምምዱን በመቀመጥ አልወሰነውም። ሲሄዱ፣ ሲቆሙ፣ ሲበሉ፣ ሲጠጡ፣ መጸዳጃ ቤት ሲገቡ ሳይቀር አስተውሉ ይላል። ዜን የሚባለው የቡድሂዝም ክፍል መነኩሴ የሆነው ጃፓናዊው ዶገን እ.ኤ.አ. በ1237 ለገዳሙ ምግብ አብሳይ መመሪያ ጽፏል። ሩዙ ሲታጠብ ልብ ከእጅ እንዳይለይ፣ አሸዋው በደንብ እንዲለቀም፣ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትባክን ያዛል። ለዶገን ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሰው ተቀምጦ ከሚያሰላስለው አያንስም ነበር።

ስለዚህ አንድ ሥራ ምረጪ፣ አንድ ብቻ። ለምሳሌ ዕቃ ማጠብ። ውሃው እጅሽ ላይ ሲወርድ ሙቀቱን፣ የሳሙናውን ማሟለጭ አስተውይ። ሐሳብሽ አገር ቤት ሲሄድ፣ መሄዱን እወቂና ወደ እጅሽ ተመለሺ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ዶገን የጻፈው ወደውና ፈቅደው ገዳም ለገቡ ሰዎች ነው። ደሞዝሽን ከከለከሉሽ፣ ፓስፖርትሽን ከያዙብሽ፣ እጅ ካነሱብሽ፣ ትንፋሽ መከታተል መልስ አይሆንም፤ ማንም «ተረጋጊና ቻይው» ቢልሽ አትስሚው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለምታምኛቸው ሰዎች ተናገሪ፣ ለኤምባሲው አሳውቂ። በደልን አጥርቶ ማየትና በደል መሆኑን መናገርም የማስተዋል ሥራ ነው።

አንዲት እናት፦ «ልጄ ከአሜሪካ እየደወለ ሜዲቴሽን ሞክሪ ይለኛል። እኔ ጸሎት አለኝ። ይሄ የሌላ እምነት አይደለም ወይ?»

እናቴ፣ ሥሩ የቡድሂዝም ነው፤ ይሄን ደብቆ ማስተማር ትክክል አይመስለኝም። ልጅዎ የሚነግርዎት ምናልባት ሆስፒታል የሚሰጠውን ዓይነት ይሆናል። እሱን ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ ኮርስ አድርገው፣ ሃይማኖታዊ ይዘቱን ትተው ለሕመምተኞች ያዘጋጁት ነው። እርስዎ ግን ጸሎትዎ ካለዎት የእኔ ትምህርት የግድ አያስፈልግዎትም። ዳዊት እየደገሙ ልብዎ ገበያ ሲወርድ እንዴት እንደሚመልሱት፣ ከጸሎት ሲነሱም ለጎረቤት እንዴት እንደሚሆኑ፣ የንስሐ አባትዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አንድ ባለትዳር፦ «ባለቤቴ ሜዲቴሽን ከጀመረች ወዲህ ስንጋጭ አትመልስልኝም። ‹ሰላሜን አትረብሽ› ትልና በር ዘግታ ትቀመጣለች። እንደ ድሮው ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።»

እሷን ሳልሰማ መፍረድ አልፈልግም። በሩን የምትዘጋው አንተ ስለምትጮህ ከሆነ መጀመሪያ ድምፅህን ቀንስ።

እሷ የምትለው አንተ እንዳልከው ከሆነ ግን፣ ይሄ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ እኔንም በጣም ያሳስበኛል። ሰው ዝምታውን መሸሸጊያ ያደርገዋል። ቀድሞ በጩኸት ያመልጥ የነበረው አሁን ዓይኑን ጨፍኖ ያመልጣል። ጎይንካ ኮርስ ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማውራት ክልክል ነው፣ በአሥረኛው ቀን ረፋድ ግን ዝምታው ይነሳል። ተማሪዎቹ በአንዴ ወደ ዓለም እንዳይወረወሩ፣ እዚያው ሆነው እርስ በርስ ማውራት እንዲጀምሩ ነው። ማውራቱ የትምህርቱ ክፍል ነው ማለት ነው።

የቬትናሙ መነኩሴ ቲክ ናት ሃን እ.ኤ.አ. በ1982 ፈረንሳይ ውስጥ ባቋቋሙት ፕለም ቪሌጅ በሚባለው ማኅበር ደግሞ ሰዎች ለመታረቅ የሚቀመጡበት ሥርዓት አለ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ተናጋሪው የሚጀምረው ሌላው ሰው ላይ ያየውን መልካም ነገር በመናገር ነው። ከዚያ እሱ ራሱ የሚጸጸትበትን ይናገራል። የተጎዳበትን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትለውጡት፣ ኃይሉ እሱ ላይ ነው። ባለቤትህን «ሜዲቴሽንሽን ተይ» አትበላት። ሁለታችሁም ባልተናደዳችሁበት ቀን «እንዲህ ብለን እንሞክር ወይ?» በላት። ለሃያ ደቂቃ ትንፋሿን ማዳመጥ ከቻለች ባሏን አሥር ደቂቃ ማዳመጥ አያቅታትም፤ አንተም እንዲሁ።

በጽሑፍ የደረሰን፦ «ቀን ቀን ሙሉ በሙሉ እረሳዋለሁ። ማታ ነው ትዝ የሚለኝ።»

ሁሉም ይረሳል። ፕለም ቪሌጅ ውስጥ ደወል ሲሰማ ሁሉም ሰው የያዘውን ያቆማል፣ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ስልክ ሲጠራም እንደዚያው ነው። አንተም የስልክህን ጥሪ ተጠቀምበት። ወዲያው አታንሳው፣ አንድ ትንፋሽ ስጠው፣ ከዚያ «ሄሎ» በል።

የመጨረሻው ደዋይ፦ «ጦርነት ውስጥ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ዓይኔን ስጨፍን ያየሁት ሁሉ ይመጣብኛል። የሚያስተምረኝ ሰው ‹ታገሥ፣ ያልፋል› ይለኛል።»

በዚህ አልስማማም። ቀደም ብዬ «ሳይሸሹ ማየት» ያልኩት ለሚያሳክክ አፍንጫና ለቢሮ ቁጣ ነው። አንተ የምትነግረኝ ሌላ ነው። ከባድ ነገር ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ትዝታው ሊያይልበት ይችላል፤ ይሄ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው፣ የአንተ ድክመት አይደለም። ለጊዜው ዓይን ጨፍኖ መቀመጡን አቁም። ልለማመድ ካልክ ዓይንህን ገልጠህ፣ እየተራመድክ፣ እግርህ መሬት ሲረግጥ እያስተዋልክ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አድርገው። ቢቻል ከሰው ጋር ሁን።

ሌሊት እንቅልፍ ከነሳህ፣ ድንገት ድምፅ ስትሰማ የምትደነብር ከሆነ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂድ። አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ለሚያስተምርህም ሰው ይሄንኑ ንገረው፣ «ታገሥ» ብቻ የሚልህ ከሆነ ሌላ አስተማሪ ፈልግ።