ገበያው ሳይለካ እንዳይፈርስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከመርካቶ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰዓታችሁ ውድ ነውና ሰላምታውን አላረዝምም።

ዘንድሮ የሠራነው አለ። ከነጋዴዎች ጋር ተወያይተናል። ተማሪዎች አሠልጥነናል። የፒያሳን የቆዩ ሕንጻዎች ፎቶ አሰባስበናል። ኮርቼባችኋለሁ። ዝርዝሩ ሪፖርቱ ላይ አለ።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቅዳሜው ልኬት፣ ማለትም ነባሩን ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየለካን በወረቀት የምናሰፍርበት ሥራ ነው። አምና እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እጃችንን አውጥተን የወሰንነው ሥራ ዛሬም ከግማሽ አላለፈም። ሰው ጠፋ። አንድ ሰው ሜትሩን ይዞ፣ ጫፉን የሚይዝለት አጥቶ የሱቅ ዘበኛ የሚለምንበት ጊዜ ነበር።

ነባር ገበያ ሳይለካ አይታደስም። ሸክሙን የያዘው ግድግዳ የትኛው ነው? ጣሪያው የሚያፈሰው የት ላይ ነው? መተላለፊያው ኩንታል የተሸከመ ሰው ያሳልፋል? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ምን እንደሚያስከፍል ሁላችንም አይተናል። ይህን በወረቀት ሳንይዝ «አይፍረስ» ብንል፣ «ጥናታችሁ የታለ?» እንባላለን። እውነታቸውን ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስንቶቻችን ፎቶ ለጥፈን አዘንን! ፎቶ ግን የግድግዳ ውፍረት አይናገርም።

አትክልት ተራን አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ተነሥቶ ጃንሜዳ ገባ፤ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በዚያው ቀረ። በባርሴሎና የሳንታ ካተሪና ገበያ ሲታደስ ግን የድሮው ግድግዳ ቆሞ፣ ላዩ ላይ ባለቀለም አዲስ ጣሪያ ተዘረጋ። ከጎኑ ለአረጋውያን መኖሪያ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት አሳና አትክልት ሻጩ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ የምመኘው ይህን ነው፤ ገበያው ከነሰዉ እንዲቆይ።

ንድፉም ከሰዉ ይጀምር። ከአባሎቻችን አንዱ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ የገበያ ሕንጻ የሚያምር ሥዕል አሳይቶ ነበር። አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በዚህ ገብቶ ቅቤዬን ያቀልጥብኛል» አሉ። ከዚያ ጥላ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃና መጸዳጃ ቤት ጠየቁ። ከዚያ የተሻለ የንድፍ አስተያየት ዘንድሮ አልሰማሁም።

አሁን የምናገረው እዚህ ለሌላችሁ ነው፤ ንግግሩ ቴሌግራም ላይ ስለሚለጠፍ ይደርሳችኋል። ግሩፑ ላይ «በርቱ» ትሉናላችሁ። እናመሰግናለን። ቅዳሜ ጠዋት ግን የላችሁም። ብዙዎቻችሁ ከእኔ የበለጠ ሙያ አላችሁ። ከእኛ ጋር የሚመጡት ተማሪዎች የሚማሩት ከእናንተ ነበር። እባካችሁ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ስጡን።

ገንዘቡም ተመናምኗል። የልኬት መሣሪያ የምንከራየው ከመዋጯችን ነው፤ መዋጮውን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አባል አልከፈለም።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቅቤ ተራ እንገናኝ። ሜትር የሌለው የማኅበሩን ይወስዳል። መዋጮ ያልከፈላችሁም በሻይ ሰዓት ገንዘብ ያዣችንን ሳታገኙ እንዳትወጡ። ጉባኤው ተከፍቷል።