በር አይደለም፣ ድንጋይ ነው
(በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ የክበባችን ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓመቱ ሪፖርት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ስትወጡ ታነቡታላችሁ። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ስላለ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ የእናቷን ስልክ ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ማርስ ላይ በር ተገኘ!» ቪዲዮውን ከፈተችው። ሙዚቃው ያስፈራል፤ ተራኪው «የተደበቀብን ምሥጢር» ይላል። ፎቶው ግን እውነተኛ ነው። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው የናሳ ሮቨር፣ ማርስ ላይ እየተንቀሳቀሰች የምትመረምር ሮቦት፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 እዚያው ማርስ ላይ ባለው ሻርፕ ተራራ ያነሳችው ነው። ተራኪው ያልተናገረው ልኩን ነው። ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ ሣልኩላት፤ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀጥሎ ወደ ግቢያችን አጥር ወሰድኳት። አንዱ ድንጋይ ላይ ሁለት ስንጥቆች ተገናኝተው፣ መሃሉ ረግፎ፣ ባለ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ ሆኗል። ጣቷን ከተተችበትና ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄም በር ነው?»

ልጅቷ መጓጓቷ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ጉጉቷን ሸቀጥ ያደረገው ሰው ነው! እ.ኤ.አ. በ1976 ቫይኪንግ 1 የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ ሲዶኒያ በሚባል ስፍራ ያነሳችው ኮረብታ በጥላ ምክንያት የሰው ፊት መሰለ። በ1998 እና በ2001 ሌላ መንኮራኩር አጥርታ ስታነሳው ተራ ኮረብታ ሆኖ ተገኘ። ያ «ፊት» ግን ዛሬም ይቸረቸራል። ልጆቻችን የማንም ገበያ አይደሉም!

እውነተኛው ነገር ሲመጣ ደግሞ ጆሮ የሚሰጠው የለም። በጁላይ 2024 ፐርሰቨራንስ የተባለችው ሌላዋ የናሳ ሮቨር ማርስ ላይ ጄዜሮ በተባለው ጉድጓድ፣ ጥንት ወንዝ ባለፈበት ሸለቆ፣ ቼያቫ ፎልስ የተባለውን ድንጋይ አገኘች። ላዩ እንደ ነብር ዝንጉርጉር ነው፤ ፈዛዛ ነጠብጣቦቹ ዙሪያቸውን ጠቁረዋል። በውስጡ የታዩት የብረት ማዕድናት ምድር ላይ ብዙ ጊዜ ረቂቅ ተሕዋስያን በጭቃ ውስጥ ሲኖሩ የሚተዉት ዓይነት ናቸው። ጥናቱ በሴፕቴምበር 2025 ሲታተም ተመራማሪዎቹ «የሕይወት አሻራ ሊሆን ይችላል» አሉ፤ ያለ ሕይወትም ሊፈጠር እንደሚችል አልሸሸጉም።

እስቲ አፋር ያለችውን ዳሎልን አስቡ። በ2019 አንዱ ቡድን እዚያ የደቃቅ ተሕዋስያን ምልክት አገኘሁ ሲል፣ ሌላው እጅግ ጨዋማና አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም፣ ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን እንክብሎችም ያሳስታሉ አለ። ውሃውን በብልቃጥ ቀድተው የተመለሱ ሰዎች እንዲህ ከተከራከሩ፣ የስልክ ቪዲዮ ምን ብሎ ይፈርዳል?

የዚያ ዝንጉርጉር ድንጋይ ናሙና በቱቦ ታሽጎ ማርስ ላይ ተቀምጧል። ወደ ምድር የሚመጣበት ቀን አልተቆረጠም። ይህን ስነግራት ልጅቷ፣ ያቻትና ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ «እስኪመጣ እኔ ስንተኛ ክፍል እደርሳለሁ?» አለችኝ። በጣታችን መቁጠር ጀምረን አልጨረስንም።

አመሰግናለሁ።