ኖራ ያቆመው ግንብ

ሰላም ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ጎንደር ነን፤ ፋሲል ግቢ።

«ከተማ» ሲባል ድሮ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሡ ድንኳን ተክሎ ይሰፍራል፤ ተከትሎት የመጣው ሕዝብ የአካባቢውን እህልና ማገዶ ሲጨርስ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ አገር ይኬዳል። ዓፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ዘልቆ መናገሻ የሆነው ግን ልጃቸው ዓፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት ጎንደር ነው።

የፋሲል ግንብ 32 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማ ቆሟል፤ የማማዎቹ አናት እንደ እንቁላል ጫፍ የሾለ ጉልላት ነው። ድንጋዩ ጠቆር ያለ ባዝልት ሲሆን የመስኮቶቹ ቅስት ግን ቀላ ያለ ነው። ከግንበኞቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች እንደነበሩበት ማወቅ አለባችሁ፤ በድንጋይና በብረት ሥራ የታወቁ ባለሙያዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ግድግዳው ቀረብ በሉ። በድንጋዮቹ መካከል ነጣ ያለ ነገር ይታያል አይደል? ኖራ ነው። እኔ ከማማው ይልቅ ይህን ነው የምወደው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ፣ 900 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል። ከዚያ ውኃ ሲፈስበት እየተንተከተከ ይፈላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራልና በባዶ እጅ አይነካም። ሲበርድ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ በኖራ ሥራ የተለመደው መጠን አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ወራት ይፈጅበታል። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል።

ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲይዙ ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠገኑ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ታዲያ ምን ችግር አለው? ኖራ ይተነፍሳል፤ ክረምት የገባው ውኃ በጋ በዚያው ይወጣል። ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋበታል። ውኃው ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ ያመጣው ጨው እያበጠ ድንጋዩን ይልጠዋል። ለዚህ ነው ኋላ በዩኔስኮ እገዛ ሲጠገን አብዛኛው ሲሚንቶ እየተፈለፈለ ወጥቶ በኖራ የተተካው። ግቢው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው።

ከፋሲል ግንብ አጠገብ የልጅ ልጃቸው የዓፄ ኢያሱ ግንብ አለ፤ ጣሪያ የለውም። በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲወጉ ቦምብ አገኘው።

ግንብ ላይ ትንሽ ችግኝ በቅሎ ካያችሁ እንዳትነቅሉት። ሥሩ ኖራውን ይዞት ይወጣል፤ ለጠባቂው ንገሩት፣ እሱ ባለሙያ ይጠራለታል።