ከዋክብትንም ደግሞ

(ሱሉልታ በሚገኝ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በምሽት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

እኛ ሱሉልታ የምንኖር ሰዎች አንድ ጸጋ አለን። የአዲስ አበባ መብራት ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ ይቀርልናል። መብራት በጠፋ ምሽት ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት እስቲ አንዴ ደጅ ውጡ። ሰማዩ በከዋክብት ጢም ብሏል። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ግዙፎቹ ፕላኔቶች ነው። መጠናቸውን በጓዳችን እንለካው። ምድር አንድ ሽምብራ ብትሆን ጁፒተር ትልቅ ብርቱካን ትሆናለች። ሳተርን ከእሷ ጥቂት ታንሳለች። ዩራነስና ኔፕቱን ሎሚ ያህላሉ። በክብደት ከሄድን ጁፒተር ብቻዋን 318 ምድሮችን ትመዝናለች።

አሁን ዘፍጥረትን እናስታውስ። አባቶቻችን 22ቱን ሥነ ፍጥረት ሲቆጥሩ ለረቡዕ 3 ይሰጧታል፤ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ከዋክብት። መጽሐፉ ፀሐይና ጨረቃ ለምን እንደተሠሩ ዘርዝሮ ይነግረናል። ለቀሩት ግን “ከዋክብትንም ደግሞ አደረገ” ብሎ ያልፋል። በቃ። የጥንት ሰዎች ፕላኔቶችንም ከከዋክብት ጋር ይቆጥሯቸው ነበር። እንግዲህ ያቺ 318 ምድር የምትመዝን ጁፒተር በዚህች “ደግሞ” ውስጥ ናት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል።

ሳይንቲስቶች ምን ይላሉ? ወጣቷን ፀሐይ እንደ እንጀራ የተዘረጋ የጋዝና የአቧራ ክብ ይዞራት ነበር ይላሉ። አቧራው ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ፤ ድንጋዩ ተጠራቅሞ እምብርት ሆነ። እምብርቱ 10 ምድር ያህል ሲከብድ በዙሪያው ያለውን ጋዝ በስበቱ ይጎትት ጀመር። ችግሩ ጊዜው ነው። ጋዙ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተበትኖ ያልቃል። እምብርቱ ከዘገየ ድግሱ ከተነሣ በኋላ ይደርሳል። ዩራነስና ኔፕቱን ባሉበት ርቀት ደግሞ አቧራው ስስ ነው፤ እድገቱ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ ብዙዎቹ “ለፀሐይ ቀረብ ብለው ተሠርተው ኋላ ራቁ” ይላሉ። “የለም፣ ጋዙ ራሱ ባንዴ ተሰብስቦ ፕላኔት ሊሆን ይችላል” የሚሉም አሉ።

በ1995 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ ሳይንቲስቶች ሌላ ኮከብ የምትዞር 51 ፔጋሲ ቢ የተባለች ፕላኔት አገኙ። ግዙፍ ናት፤ ግን ኮከቧን በ4 ቀን ገደማ ትዞራለች። የእኛዋ ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ሁለቱ በ2019 ኖቤል ተሸለሙ። በ2016 ጁፒተር ጋ የደረሰችው ጁኖ የተባለች መንኩራኩርም ሌላ ነገር አሳየች። የጁፒተር እምብርት እንደታሰበው ጠጣር ኳስ ሳይሆን ከላዩ ካለው ጋዝ ጋር የተደባለቀና ሰፋ ያለ ይመስላል።

እዚህ ላይ “አየህ፣ አያውቁም! ስለዚህ እግዚአብሔር ነው” የምትሉ ትኖራላችሁ። ልጆቼ፣ ይህን መንገድ አደራ ተጠንቀቁት።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለ ስብከት ሰምቶ እምነቱን በዚያ ላይ አቁሞ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣ። ፒዲኤስ 70 የምትባል ወጣት ኮከብ ፎቶ ነው፣ በ2018 የወጣው። በጋዙ ክብ ክፍተት ውስጥ ገና ጋዝ እየሳበች ያለች ግዙፍ ፕላኔት ትታያለች። “ቲቸር፣ ታዲያ ተሸወድን ማለት ነው?” አለኝ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል። ያን ዕለት በጣም አዘንኩ። ልጁን የጎዳው ፎቶው አልነበረም። እግዚአብሔርን ሰው ያላወቀው ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ያስቀመጠለት ትምህርት ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ልጁ አምላኩ የጠፋ መሰለው።

እኔ ፈጣሪ ግዙፎቹን በረቡዕ ዕለት በቃሉ እንደሠራቸው አምናለሁ። ዕድሜያቸውን ሳይንቲስቶች 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይሉታል። አባቶች ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ይቆጥራሉ። እኔ የአባቶቼን እይዛለሁ። ይህን ግን በቴሌስኮፕ ለክቼ አላገኘሁትም። የተቀበልኩት በእምነት ነው፤ በእምነት እንደሆነም ለተማሪዎቼ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ያንን ፎቶ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አልደብቀውም። ዛሬም ጋዝ ሲሰበሰብና ስበት ሲጎትት ማየት የፈጣሪን ሥራ ማየት ነው።

“ፈተና ላይ ምን ልጻፍ?” የሚለኝ ተማሪ ብዙ ነው። የተማርከውን በትክክል ጻፍ እለዋለሁ። ሌላው ሰው የሚለውን አጥርቶ ማወቅ ክህደት አይደለም። እንዲያውም ከእናንተ መካከል አስትሮኖሚ አጥንቶ እንጦጦ ላይ የሚሠራ ልጅ ቢወጣልን እንዴት ደስ ባለኝ!

ብዙ አወራሁ። ጁፒተር በምሥራቅ በኩል ወጥታለች። ትንሿን ቴሌስኮፕ ከቤተልሔሙ ጎን አቁመናታል። ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው 4 ጨረቃዎች ከጎኗ እንደ ነጥብ ይታያሉ፤ አንዷ ከጀርባዋ ተደብቃ ከሆነ 3 ትቆጥራላችሁ። ቱቦውን በእጃችሁ አትንኩት፣ ይንቀጠቀጣል። ሕፃናት ይቅደሙ፤ እማማዎችን ደግሞ ደረጃው ላይ ደግፏቸው።