ሙሽሮቹ የገቡበት በር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። የዛሬውን ዝግጅት የማቀርብላችሁ ከጅማ ሲሆን፣ ጉዳዬም በተጋቡበት ዕለት ማታ አብረው ስለሞቱ ሁለት ሙሽሮች ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 28 ቀን 1942 ነበር። በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ፣ 460 ሰው ብቻ እንዲያስተናግድ በተፈቀደለት ኮኮናት ግሮቭ በተባለ የምሽት ክበብ ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ከምድር ቤቱ መጠጥ ቤት እሳት ተነሣ። እሳቱ ሰው ሠራሽ ዘንባባዎቹንና ጣሪያውን የሸፈነውን ጨርቅ ይዞ፣ በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዋናውን አዳራሽ አዳረሰ። 492 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል በዚያው ዕለት ቃል ኪዳን አስረው ደስታቸውን ሊያደምቁ የገቡት ባልና ሚስት ነበሩበት።

እኔን ከእሳቱ ይበልጥ የሚያብሰለስለኝ የበሮቹ ነገር ነው። ዋናው መግቢያ የሚሽከረከር በር ስለነበር ሰው ከየአቅጣጫው ሲገፋው አልንቀሳቀስ አለ፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተው ሌላው በር ሰው ተደራርቦበት ተዘግቶ ቀረ፤ ከምድር ቤቱ ደረጃ አናት ላይ የነበረው የአደጋ ጊዜ መውጫ ደግሞ ተቀርቅሮ ነበር። ለምን ተቀረቀረ ቢሉ፣ ሂሳብ ሳይከፍል ሾልኮ የሚወጣ እንዳይኖር ነው። በዓመቱ የክበቡ ባለቤት ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ፤ የሚሽከረከር በር በጎኑ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ይኑረው ተብሎም ደንቡ ተሻሻለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው።

«የድሮ ታሪክ ነው» እንዳትሉኝ፣ ጥር 19 ቀን 2005 ዓ.ም. በብራዚሏ ሳንታ ማሪያ ከተማ ኪስ በተባለው ክበብ 242 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጥበቃዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚሸሹትን ወጣቶች ሳይከፍሉ ሊወጡ ነው ብለው በር ላይ አግደዋቸው ነበር። እሳቱን ያስነሣው መድረክ ላይ የተለኮሰ ርችት ሲሆን፣ ጣሪያው ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ሲነድ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ስለነበር ብዙዎቹ የሞቱት ታፍነው ነው።

ጥር እኛ ዘንድ የሰርግ ወር ነው። የአክስቴ ልጅ ለመጪው ጥር ሰርጉ የሚሆን አዳራሽ ሲመርጥ እኔና እናቱ አብረነው ሄደን ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ከግራና ከቀኝ ርችት እንደሚፈነጥቅላቸው፣ ጣሪያውም ከዳር እስከ ዳር በነጭ ጨርቅ እንደሚለብስ አስተዳዳሪው በኩራት አስረዳን፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠሩ መስማት ለእኔ ምን እንደሆነ ገምቱት። ሌላ መውጫ እንዳለ ስጠይቀው ከመድረኩ ጀርባ ወስዶ መጋረጃውን ገለጠልኝ። በሩ አለ፤ ነገር ግን ለቡናው ሥነ ሥርዓት የሚወጡት የጅማ በርጩማዎች እስከ እጀታው ድረስ ተቆልለውበታል፤ ከላይም ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

በርጩማዎቹን ማንሳት ቀላል እንደሆነ፣ ቁልፉን መፍታት ግን እንደማይቻል ነገረን። ያልተጠራ ሰው በጓሮ በኩል እየገባ ደጋሹን ያሳፍራል፣ ዕቃም ይጠፋል አለ። ሥጋቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ያልተጠራ እንግዳ ምን ያህል ምግብ እንደሚያሳጥር ድግስ ያሰናዳ ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም ሊገባ የሚችለውን ጥቂት ሰው ለመከልከል ሲባል የገባውን ሁሉ መቆለፍ አእምሮዬ ሊቀበለው አልቻለም።

እኔ ስለ ቦስተን ማስረዳት ስጀምር አክስቴ አቋረጠችኝ።

«ልጄ» አለችው አስተዳዳሪውን፣ «ከዚህ በር ሁለት ወንድሞቼን አቆማለሁ፤ የሚገባውንም እነሱ ይለያሉ። አንተ ቁልፉን ፍታልኝ፣ ርችቱንም ተወው፤ ካልሆነ ቀብዱን አልከፍልም።»